ለተማርንበት ትምህርት ቤት ከውርስ ላይ መስጠት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

እዚህ ሜሪላንድ አንድ የእድራችን አባል ነበሩ። የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች በየዓመቱ ፓርክ ውስጥ ስንሰባሰብ፣ ሥጋው እየተጠበሰ ሳለ ብድግ ይሉና «እኔ ስሞት የጡረታ ገንዘቤ ግማሹ ለትምህርት ቤታችን ነው፤ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» ይሉ ነበር። በእውነትም ሁላችንም ምስክር ነበርን። ሲያርፉ ግን የጡረታ ሒሳባቸው ላይ በተጠቃሚነት ተመዝግቦ የተገኘው የእናታቸው ስም ነው፤ እናታቸው ካረፉ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፏል። ገንዘቡ በሕጉ መሠረት ለልጆቻቸው ተከፋፈለ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ የአባታቸውን ቃል የሰሙት ግን ከእኛ፣ ያውም ዘግይተው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ስንሰማ አድገን፣ እኛው ራሳችን ያንን ቃል ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ለምንኖር፣ ጡረታ ለቀረበን ወይም ለወጣን፣ ከምንተወው ላይ ለተማርንበት ትምህርት ቤት ድርሻ ማስቀመጥ ለምንፈልግ ነው። አማካሪዎች የሚዘረዝሯቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሁሉንም እኩል አላያቸውም። ታክሲ ለነዳን፣ በነርስነት ለሠራን፣ ፓርኪንግ ለቆምን፣ ትንሽ ሱቅ ለከፈትን ሰዎች የሚሆኑት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩትን የማነሣቸው አንድ ቀን ሰው ቢያቀርብልዎ ለማን እንደተሠሩ እንዲያውቁ ነው።

ከመንገዱ በፊት ተቀባዩ

የትኛውን ሰነድ ልፈርም ከማለት በፊት፣ ገንዘቡን የሚረከበው ማነው የሚለው ይቅደም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ለመንግሥት ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚላክ ገንዘብ የሚያልፈው በርዕሰ መምህሩ፣ በወላጅና መምህር ኅብረቱና በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። ርዕሰ መምህር ይቀየራል። ዛሬ በስልክ ቃል የገባልዎ ሰው እርስዎ በሚያርፉበት ዓመት የት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ የአሜሪካ የገቢ ታክስ ሕግ ለውጭ አገር ተቋም በቀጥታ ለተሰጠ ገንዘብ የታክስ ቅናሽ አይሰጥም። ለአንድ ጊዜ ሥራ፣ ለዴስክ ወይም ለውኃ ታንከር፣ ይህ መንገድ ይበቃል። ለውርስ ግን አልመክረውም።

ሁለተኛው እዚህ አሜሪካ የተመዘገበ፣ 501ሲ3 የሚባለው ከታክስ ነፃ የመሆን ፈቃድ ያለው የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ነው። ሦስተኛው እዚሁ ተመዝግቦ ኢትዮጵያ ውስጥ በትምህርት ላይ አስቀድሞ የሚሠራ ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ስጦታው ለዚያ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ እንዲውል በጽሑፍ ይገደባል። ማኅበርዎ ጠንካራ ከሆነ ማኅበሩን ይምረጡ። ማኅበሩ የሦስት ሰዎች ጓደኝነት ከሆነና ከእነዚያ አንዱ እርስዎ ከሆኑ ግን ሦስተኛው ይሻላል፤ ከእርስዎ በኋላ ማን ይቀራል?

ጥንካሬውን በቀላሉ ማጣራት ይቻላል። የአሜሪካው የታክስ መሥሪያ ቤት ከታክስ ነፃ የሆኑ ድርጅቶችን ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት አድርጓል፤ ማኅበሩን በታክስ ቁጥሩ ይፈልጉት። ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርት ለሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ፈቃዱን ያለ ማንም ውሳኔ ያጣል። ዓመታዊ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር የሚጠበቅበት 990-ኤን የምትባለው አጭር የኦንላይን ቅጽ ብቻ ናት። አሥር ደቂቃ የማትፈጅ ቅጽ ናት፤ ገንዘብ ያዥ ሲቀየር ግን የምትረሳው እሷው ናት። ፈቃዱ ካለ ቀጥለው ይህን ይጠይቁ፦ ቦርዱ ገንዘቡ የት እንደሚውል ይወስናል? ይከታተላል? ሕጉ ማኅበሩን እንደ ቧንቧ እንዲያስተላልፍ ብቻ አይፈቅድለትም፤ ወሳኙም ተቆጣጣሪውም እሱ መሆን አለበት።

የጡረታ ሒሳብ ወይስ ኑዛዜ?

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር እንምጣ። አብዛኞቻችን ስናልፍ የምንተወው ሁለት ነገር ነው፦ ቤትና የጡረታ ሒሳብ። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚከፈተው 401ኬ ወይም በግል የሚከፈተው አይአርኤ የሚባለው የጡረታ ሒሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ የገቢ ታክስ ገና ያልተከፈለበት ነው፤ ሮዝ (Roth) የሚባለው፣ ታክሱ አስቀድሞ የተከፈለበት ዓይነት ካልሆነ በቀር። ልጅዎ ሲወርሰው ታክሱን የሚከፍለው ልጅዎ ነው። ያውም ለአብዛኞቹ ወራሽ ልጆች በአሥር ዓመት ውስጥ ሒሳቡን ባዶ የማድረግ ግዴታ አለ፤ እነዚያ ዓመታት ደግሞ ልጅዎ ደህና ደመወዝ የሚያገኝባቸው ዓመታት ናቸው። የሚያወጣው ገንዘብ በደመወዙ ላይ ተደርቦ 22 በመቶ ቢቆረጥበት፣ ከ40,000 ዶላር ላይ 8,800 ዶላር ለፌደራል መንግሥት ይሄዳል። የስቴቱን ታክስ ሳይጨምር ነው። ያው 40,000 ዶላር ከታክስ ነፃ ለሆነ ማኅበር ቢተላለፍ ግን ሙሉው ይደርሳል።

ቤቱ ወይም ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ ተቃራኒው ነው። ልጅዎ በውርስ ሲያገኘው እንደ ገቢ አይቆጠርበትም፤ ቤቱን ወዲያው ቢሸጠውም ትርፉ የሚሰላው እርስዎ በገዙበት ሳይሆን ባረፉበት ቀን ዋጋ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ለመስጠት ካሰቡ ለትምህርት ቤቱ ከጡረታው፣ ለልጆች ከቤቱ ይስጡ። የሚሰጡት መጠን ሳይለወጥ ሁለቱም ወገን የበለጠ ያገኛል። ስለ ውርስ ታክስ አይጨነቁ፤ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌደራሉ የውርስ ታክስ የሚነካው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚተወውን ሰው ነው። አንዳንድ ስቴቶች፣ ሜሪላንድን ጨምሮ፣ የራሳቸው የውርስ ታክስ ስላላቸው እሱን ብቻ ይጠይቁ።

የጡረታው መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። እኔ ባለፈው መስከረም አንድ ማታ ሻይ ቀድቼ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። የሒሳቤን ገጽ ከፍቼ ቤኔፊሸሪ (ተጠቃሚ) የሚለውን ስነካው፣ ፕራይመሪ (ዋና) በሚለው ሥር የባለቤቴ ስም 100 በመቶ ይላል። ኮንቲንጀንት (ተተኪ) የሚለው ባዶ ነው፤ ሁለታችንም በአንድ መኪና አደጋ ብንሞት የሚለውን ከቶ አስቤው አላውቅም። አክል ስለው ሰው ነው ወይስ ድርጅት ብሎ ጠየቀኝ። ድርጅት ስለው ስም፣ አድራሻና ባለ ዘጠኝ አኃዝ የታክስ ቁጥር ፈለገ። ባለቤቴን እንዳለች ተውኳት፤ ከእሷ ቀጥሎ ልጆቼን 85፣ ማኅበሩን 15 በመቶ አድርጌ አስቀመጥኩ። ድምሩ 100 መሙላት አለበት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። በማግስቱ የማረጋገጫውን ወረቀት አትሜ ለልጆቼ አሳየኋቸው፤ ታላቋ «አባዬ፣ ይቺ ትምህርት ቤት የት ነው ያለችው?» አለችኝ፤ ያን ማታ ስለ ትምህርት ቤቴ ለልጆቼ መጀመሪያ ጊዜ በደንብ አወራሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። 401ኬ ላይ ባለትዳር ከሆኑ የፌደራል ሕግ የትዳር ጓደኛዎን ዋና ተጠቃሚ ያደርጋል። ሌላ ማስገባት የሚቻለው ባለቤትዎ በጽሑፍ፣ በኖተሪ ወይም በፕላኑ ተወካይ ፊት ፈርመው ሲፈቅዱ ነው። ሌላው ደግሞ ከኑዛዜዎ ይልቅ ይህ የተጠቃሚ ቅጽ ያሸንፋል። ኑዛዜዎ ላይ ምንም ቢጽፉ፣ ቅጹ ላይ የቀድሞ ባለቤትዎ ስም ካለ 401ኬው ለእሳቸው ሊከፈል ይችላል፤ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሱ ጉዳዮች በዚሁ ተወስነዋል።

ታዲያ ኑዛዜ ለምን? ቤት ብቻ ላለው፣ ወይም ዝርዝር ሁኔታ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ኑዛዜ ይሻላል። ቅጹ በመቶኛ ከማካፈል በቀር ለላብራቶሪ ይሁን፣ ለሴት ተማሪዎች ይሁን ብለው እንዲጽፉ ቦታ አይሰጥም። ኑዛዜው ላይ የተወሰነ ዶላር ከመጻፍ መቶኛ መጻፍ ይበልጣል። ሃያ ዓመት ቆይቶ 10,000 ዶላር ዛሬ የሚገዛውን አይገዛም፤ ሀብትዎም በሕመም ወጪ ቢቀንስ፣ የተወሰነው ዶላር አስቀድሞ ተነሥቶ ልጆችዎ በቀረው ሊቀሩ ይችላሉ። «ዕዳና ወጪ ተከፍሎ ከሚቀረው ላይ 10 በመቶ» ሲሉ ግን ሁሉም አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ሙስሊም ወገኖቼ እንደሚያውቁት ወሲያ የሚባለው ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ መቶኛው ለዚህም ይመቻል። የኑዛዜ ድካሙ በፍርድ ቤት ማለፉ ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል።

በሕይወት እያሉ መስጠት

ዕድሜዎ ሰባ ዓመት ተኩል ከሆነና አይአርኤ ካለዎት፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው መንገድ ከሒሳቡ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ማስተላለፍ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አብዛኞቻችን ታክስ ስናሠራ የምንወስደው መደበኛውን ቅናሽ (ስታንዳርድ ዲዳክሽን)፣ ማለትም ሰጠንም አልሰጠንም ያው የሆነውን ስለሆነ፣ ለበጎ አድራጎት የሰጠነው ታክሳችንን እምብዛም አይቀንስም። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛውን የሚወስድ ሰው በጥሬ ገንዘብ ከሰጠው ላይ እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላሉ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ወሰን አለው። ከአይአርኤ በቀጥታ የተላለፈው ገንዘብ ግን መጀመሪያውኑ ገቢዎ ውስጥ አይገባም። ከ73 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የግድ ማውጣት ያለብዎትም በዚሁ ይሟላል። ወሰኑ በ2025 እ.ኤ.አ. በሰው 108,000 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ያድጋል፤ ለእኛ ግን ወሰኑ ችግር አይሆንም።

ወጥመዱ አንድ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ እርስዎ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ከዚያ ለማኅበሩ ከተላከ አይቆጠርም። ቼኩ በማኅበሩ ስም መጻፍ አለበት። ታክስ ለሚሠራልዎ ሰውም ይንገሩት፤ ካልነገሩት ለራስዎ እንዳወጡት ገንዘብ አድርጎ ታክስ ሊያስከፍልዎ ይችላል። 401ኬ ውስጥ ያለ ገንዘብ መጀመሪያ ወደ አይአርኤ መዛወር አለበት።

ከሁሉም በላይ ይህን መንገድ የምወደው፣ የሰጠነው ሲሠራ ማየት ስለሚቻል ነው። እኛ በተማርንበት ክፍል ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲሁ ያልቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ተሠራ። ከልጆቹ አንዷ በስልክ ቪዲዮ ስትናገር ከበስተኋላዋ ዝናቡ ይሰማል፤ የመምህሩም ድምፅ አብሮ ይሰማል።

ዋጋው የጨመረ አክሲዮን ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ይዞት ከሆነ ሳይሸጥ አክሲዮኑን ራሱን ቢሰጥ፣ በትርፉ ላይ ታክስ አይከፍልም። ማኅበሩ አክሲዮን የሚቀበል ሒሳብ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። የሕይወት ኢንሹራንስም እንደ ጡረታ ሒሳቡ በተጠቃሚ ቅጽ ይካፈላል፤ በመሥሪያ ቤት በኩል የተገባው ግን ሥራውን ሲለቁ አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል፤ የጊዜ ገደብ ያለውም ገደቡ ሲያልፍ ባዶ ነው።

እየከፈሉዎት የሚቀበሉት ስጦታ

ሁለት ናቸው። አንደኛው የስጦታ አኑይቲ ነው፤ ገንዘቡን ለድርጅቱ ይሰጣሉ፣ ድርጅቱ እስከ ዕለተ ሞትዎ የተወሰነ ክፍያ ይከፍልዎታል፣ የቀረው የእሱ ይሆናል። ክፍያው የሚተማመነው በድርጅቱ ሀብት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅዎ የተማረበት ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቢያቀርብልዎ ሊያስቡበት ይችላሉ፤ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ቢያቀርብልዎ ግን እምቢ ይበሉ፤ እንደ ባንክ ዘላለም ሊከፍል አይችልም።

ሁለተኛው ቻሪቴብል ሪሜይንደር ትረስት ነው። ይህ የሚያስፈልገው ከሠላሳ ዓመት በፊት በርካሽ የገዛው የነዳጅ ማደያ ወይም የሚከራይ ሕንፃ ዛሬ ሚሊዮን ለሚያወጣበት ሰው ነው። ንብረቱ ትረስቱ ውስጥ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓላማ በአደራ በሚይዘው ሕጋዊ አደረጃጀት ውስጥ፣ ገብቶ ሲሸጥ የትርፍ ታክሱ በአንድ ጊዜ አይወርድበትም፤ ትረስቱ በየዓመቱ ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍለዋል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ለትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ከፈረሙ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ጠበቃና ዓመታዊ ሒሳብ ሠራተኛም ይፈልጋል። ለሌሎቻችን ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤት

አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ወንድሜ ውክልና አለው፣ እሱ ይፈጽመዋል» ይላል። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ለትምህርት ቤቱ የሚያስቡት ያ ቤት ከሆነ፣ እዚያው በኢትዮጵያ ሕግ የተጻፈ ለብቻው ኑዛዜ ያድርጉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ፣ ቀኑም፣ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጉድለት ፈራሽ ሊሆን ይችላል። በራስዎ እጅ ከጻፉት ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። የቃል ኑዛዜ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ መስጠት አያስችልም፤ ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየም ይቀራል። ኑዛዜው የሚናገረው ደግሞ በእርስዎ ድርሻ ላይ ብቻ ነው፤ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የባለቤትዎ ነው።

እዚህ አሜሪካ የሚጻፈው ኑዛዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ኑዛዜ ሁሉ ሽሬአለሁ» በሚል ነው። ያ መስመር እንዳለ ከቀረ የአዲስ አበባውንም ሊሽረው ይችላል። ጠበቃው «የኢትዮጵያውን ሳይጨምር» ብሎ እንዲጽፍ ያድርጉ።

ዘላቂ ፈንድ ወይስ ተሠርቶበት የሚያልቅ?

ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚወጣበት ፈንድ፣ ኢንዶውመንት የሚሉት፣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናት በጉልት፣ መስጊዶች በወቅፍ ኖረዋል። ልብን ይስባል። ግን ሒሳቡን እንየው። 50,000 ዶላር በዓመት 4 በመቶ ቢወጣበት 2,000 ዶላር ነው። መጻሕፍት ይገዛል፣ ቤተ መጻሕፍት አይሠራም። ያው 50,000 በአምስት ዓመት ቢሠራበት ግን ቤተ መጻሕፍት፣ የሳይንስ ክፍልና ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ሊሆን ይችላል። የእኔ ምርጫ ይህ ሁለተኛው ነው። ዘላቂው የሚያዋጣው የብዙ ሰው ውርስ ተጠራቅሞ ሲተልቅና በየዓመቱ የሚቆጣጠር ቦርድ ሲኖር ነው።

ዘላቂ ማድረግ ከፈለጉ ዋናው በዶላር እዚሁ ይቀመጥ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር ተቀምጦ በ7 በመቶ ወለድ የቆየ የስኮላርሺፕ ገንዘብ ምን እንደሆነ ማሰብ አይከብድም።

የመጨረሻው ነገር ስሙ ነው። የእኛ ትምህርት ቤቶች ስም ከመንግሥት ጋር ይለወጣል፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተባለ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ በአንድ ኤፍ፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ስለዚህ የማኅበሩን የታክስ ቁጥር፣ የትምህርት ቤቱን ወረዳና ቀበሌ ጨምረው፣ ለጠበቃዎ ይህን መስመር ይስጡት፦

«ከቀሪው ንብረቴ ላይ 10 በመቶውን ስሙና የታክስ ቁጥሩ ከላይ ለተጠቀሰው ማኅበር ሰጥቻለሁ፤ ለተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ በተለይም ለመማሪያ ክፍሎች እድሳትና ለመጻሕፍት፣ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ይዋል። የትምህርት ቤቱ ስም ቢለወጥ ወይም ከሌላ ቢቀላቀል፣ በቦታው ለተተካው ይሁን። ቢዘጋ፣ በዚያው ወረዳ ላለ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለተመሳሳይ ሥራ ይዋል። ማኅበሩ ከፈረሰ ወይም ፈቃዱን ካጣ፣ የኑዛዜዬ አስፈጻሚ ይህንኑ ዓላማ የሚፈጽም ሌላ ከታክስ ነፃ የሆነ ድርጅት ይምረጥ።»